መኪናው ውስጥ የነበረው ድራመር

እ.ኤ.አ. በጥር 1968 ፒንክ ፍሎይዶች ከለንደን ወደ ሳውዝሃምፕተን ለኮንሰርት እየሄዱ ነው። መንገድ ላይ ሲድ ባሬትን ማንሳት ነበረባቸው፤ አላነሱትም። ለባንዱ ስም ያወጣው፣ የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አብዛኞቹን የጻፈው ልጅ አእምሮው እየታወከ ነበር። ለዛሬ ይቅር ተብሎ የቀረ ሰው በዚያው ቀረ። መኪናው ውስጥ ከነበሩት አንዱ ድራመሩ ኒክ ሜሰን ነው።

በ2018፣ ያው ሜሰን በ74 ዓመቱ ሶሰርፉል ኦቭ ሲክሬትስ የሚባል ባንድ አቋቁሞ የሲድን ዘፈኖች ይዞ መድረክ ወጣ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ትተኸው የሄድከውን ሰው ዘፈን በምን አፍህ ትጫወታለህ?

የባንዱ ሕግ ቀላል ነው፦ ከ1973ቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» በፊት የተሠራ ብቻ። ዓለም በቃሉ የሚያውቃቸው ዘፈኖች የሉም ማለት ነው። ሮጀር ዋተርስና ዴቪድ ጊልሞር ስንት ዓመት ተነታርከው፣ ዋተርስ በ2023 ያንኑ አልበም ለብቻው እንደገና ቀድቶ አወጣው። ሜሰን ግን ዋናውን ርስት ለሚጣሉበት ትቶላቸው ማንም ያልፈለገውን ጠርዝ ማረስ ጀመረ። ወድጄዋለሁ።

ዘፋኙ የስፓንዳው ባሌው ጋሪ ኬምፕ ነው። አዎ፣ የ«ትሩ» ደራሲ። መሳቅ ይቻላል፤ ግን ሰውዬው ሲድን ለመምሰል አይሞክርም፣ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል፣ በቃ።

በ2019 ለንደን ራውንድሃውስ ቀድተው በ2020 ያወጡትን ኮንሰርት ስሰማ ረጃጅሞቹ መሣሪያ ብቻ የሆኑ ሥራዎች ይበልጡብኛል። ሜሰን ድሮም ፈጣን ድራመር አይደለም፤ መጠበቅ ያውቃል። «አቶም ኸርት መዘር»፣ በአልበሙ ላይ በኦርኬስትራና በኮረስ ከ23 ደቂቃ በላይ የሚሄደው፣ እዚህ ተቆርጦ «ኢፍ» በሚባለው ዝምተኛ ዘፈን መሀል ተሰክቷል። በደንብ ይሻላል።

«ቬጀተብል ማን» ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሲድ በ1967 የለበሰውን ልብስ እየዘረዘረ በራሱ ላይ የቀለደበት ዘፈን ነው፤ ሰው ሲፈርስ በቀጥታ የሚሰማበት ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቆይቶ በይፋ የወጣው በ2016 ነው። ሲድ በ2006 ስለሞተ ፈቃዱን መጠየቅ አይቻልም። ዘፈኑ ለሰው ጆሮ መድረሱን አልቃወምም። አጨዋወቱ ነው የማይዋጥልኝ። ኦሪጅናሉ ይንገዳገዳል፣ ሊወድቅ ነው ትላለህ። የራውንድሃውሱ ቀጥ ያለ፣ ጉልበተኛ፣ ደስ የሚል ሮክ ነው። ሙዚቀኞቹ ከሚገባው በላይ ጎበዞች ሆኑና ሕመሙ ጠፋ። «አርኖልድ ሌይን» እንዲህ አልተጎዳም፤ መጀመሪያም በደንብ የተሰፋ ፖፕ ነበርና።

በሚያዝያ 2019 ኒውዮርክ ቢከን ቲያትር ውስጥ ዋተርስ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሴት ዘ ኮንትሮልስ ፎር ዘ ሃርት ኦቭ ዘ ሰን»ን ዘፈነ። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸዋል። መኪናው ውስጥ ከነበሩት ሁለቱ ናቸው። የመረጡት ዘፈን የዋተርስ እንጂ የሲድ አይደለም።

ለመስማት ከፈለጋችሁ በ«ቬጀተብል ማን» ጀምሩ። መጀመሪያ የ1967ቱን፣ ቀጥሎ የራውንድሃውሱን። ድራሙን ብቻ ተከታተሉ።