«ከሜዳው ውጪ»፦ የማን ሜዳ?

የስፖርት ዘጋቢዎቻችን የእንግዳ ቡድን ደጋፊን የሚያዩት በሁለት መነጽር ነው። አንዱ የውዳሴ ነው፤ ደጋፊው «12ኛው ተጫዋች» ይባላል፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲጓዝ ማደሩ ይነገርለታል፣ ለክለቡ የከፈለው መሥዋዕትነት ይዘረዘራል። ሌላው የስጋት ነው፤ የመጣበት አካባቢ ስም ይነሣል፣ የጸጥታ ኃይሎች ዝግጅት ይጠቀሳል፣ ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ምክር ይከተላል። በሁለቱም መነጽር የማይታይ አንድ ሰው ግን አለ። ይህ ሰው በአውቶቡስ አልመጣም። ጨዋታው በሚካሄድበት ከተማ ይኖራል፣ ግብሩን እዚያው ይከፍላል፣ ልጆቹን እዚያው ያስተምራል። ስታዲየም ሲገባ ግን የሚቀመጠው ከእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች መሀል ነው።

የጎንደሩ ፋሲል ከነማ አዲስ አበባ ሲመጣ ወደ ስታዲየም የሚወርደው ጎንደሬ፣ ወላይታ ድቻ ሲመጣ ሱቁን በጊዜ የሚዘጋው ወላይቴ ነጋዴ፣ ከአገሩ ርቆ የሚኖር የሐዋሳ ወይም የድሬዳዋ ልጅ፣ ሁሉም የዚህ ሰው ምሳሌ ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ሲጻፍ ይህ ተመልካች ከታማኞቹ ዝርዝር ውስጥ ይገባና ነገሩ ያበቃል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ከዚህ ይለያል። ይህን ሰው ወደ ስታዲየም የሚያመጣው ከሌላው የበለጠ ፍቅር አይደለም። የሚያመጣው ባለቤትነት ነው፤ «ከሜዳው ውጪ» የሚባለው ጨዋታ ለእሱ የሜዳው ጨዋታ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ ይቅደም። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጎንደሬ ክለቡን በፋሲለደስ ስታዲየም አይቶ ለመመለስ ሁለት የመንገድ ቀን፣ የመኝታ ወጪና የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፋሲል በ2009 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል ግን ክለቡ ራሱ ወደ ሰውየው መምጣት ጀመረ፤ በአዲስ አበባ ክለቦች ቁጥር ልክ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ በታክሲ ሒሳብ። ለጎንደር ነዋሪ ሩቅ የሆነው ጨዋታ ለእሱ ቅርብ ነው፤ ለጎንደር ነዋሪ ቅርብ የሆነው ለእሱ ሩቅ ነው። ታማኝነት የሚለካው በተጓዙት ኪሎ ሜትር ከሆነ ይህ ሰው ከታማኞቹ መጨረሻ ይሰለፋል። ሆኖም ከማንም በላይ ሲጮህ ይሰማል። የውዳሴው መነጽር የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

«ሜዳው» የሚለው ቃል ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ስህተት የተቀበረው በዚያች በ«ው» ውስጥ ነውና። ቃሉን የአንድምታ መምህር ቢያገኘው እንዲህ ይፈታው ነበር፦ «ሜዳው» ማለት ተለይቶ የታወቀው ሜዳ ነው፤ አንድም የእሱ የራሱ ሜዳ ነው። የአማርኛው «ው» ሁለቱንም ሥራ በአንድ ፊደል ይሠራል። የሬዲዮ ዘጋቢው «ፋሲል ከሜዳው ውጪ ነጥብ ተጋራ» ሲል ሁለተኛውን ፍቺ ይዞ ነው፤ «እሱ» የተባለው ክለቡ ነው። ሦስተኛም አንድምታ አለ። «ው» ስትወድቅ፣ «ከሜዳ ውጪ» ሲባል፣ የዝውውር ወሬው፣ ያልተከፈለው ደመወዝ፣ ቅጣቱና ይግባኙ ሁሉ ይመጣል፤ ከኳሱ ጋር የማይገናኘው ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሚኖረው ጎንደሬ በሦስቱም ፍቺ ይያዛል። ሜዳው ተለይቶ የታወቀ ነው፤ በሚሠራበትና በሚያመሽበት ሰፈር አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። የእሱም ነው፤ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ፀሐይ ከስንት ሰዓት በኋላ ከየትኛው በኩል እንደምትዞር ያውቃል። ከሜዳ ውጪም ነው፤ ስታዲየም ያመጣው ነገር ግማሹ ከኳሱ ጋር አይገናኝም። «ው» ከክለቡ ላይ ተነሥታ ደጋፊው ላይ ብትለጠፍ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል፦ ክለቡ ከሜዳው ውጪ ነው፣ ደጋፊው በሜዳው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚገለበጠው «እንግዳ» የሚለው ቃል ነው። እንግዳ ካለ አስተናጋጅ አለ። የስፖርት ቋንቋችን አስተናጋጁ ባለሜዳው ክለብ ነው ይላል። በተግባር ሲታይ ግን ባለሜዳው ክለብ እንግዳውን አያስተናግድም፤ በር ከፍቶ፣ አጥር ለይቶ ያስገባዋል እንጂ። የሚያስተናግደው በከተማው የሚኖረው የአገሩ ልጅ ነው። ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉት የአዲስ አበባ ስታዲየም ክፍሎች በባለሜዳዎቹ ቀለም ከመሞላታቸው በፊት፣ ገና በጠዋት፣ በስታዲየሙ ዙሪያ ባሉት ቁርስ ቤቶች የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሌሊቱን የተጓዘ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት ጎልማሳ «ጋሼ፣ እርስዎም ዛሬ ነው የገቡት?» ይላል። «የለም ልጄ፣ እኔማ እዚሁ ነኝ» ይሉታል፤ ቀጥለውም «አዘዞ ነህ ፒያሳ?» ይላሉ። ሰፈሩን ሲነግራቸው የአባቱን ስም ይጠይቃሉ። ሻዩንም ፉሉንም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። እንካፈል ማለት አያዋጣም፤ በራሳቸው ከተማ እንግዳ አያስከፍሉም።

ይህ ትዕይንት ጎንደር ላይ የለም። ጎንደር ውስጥ ጎንደሬነት አይታይም፤ ሁሉም ጎንደሬ ነውና ማን የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ስታዲየም አንድ ጥግ ግን ሠፈር ከነአነጋገሩ፣ ከነቀልዱና ከነዘመድ ቆጠራው ለሁለት ሰዓት ይሰበሰባል፤ ተበታትኖ የሚኖረው ሰው ዓመቱን ሙሉ በሰርግና በለቅሶ ብቻ የሚያገኘው ነገር ነው። ዕድር ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለሐዘን ነው፤ ጨዋታው ግን ሐዘን ሳይጠብቅ ይጠራል። ቡድኑ ቢሸነፍም የተፈለገው ተገኝቷል። ጨዋታውን በስልክ ለመከታተል ወይም በቴሌቪዥን ለማየት የሚቀለው ሰው ስታዲየም የሚገባበትን ምክንያት ከዚህ ውጪ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ለሁለተኛው፣ ለስጋቱ መነጽር መነሻ የሆነ ሐቅ አለ፤ መሸፋፈንም አይገባውም። ክለቦች የአካባቢ ስም መሸከማቸው ዋጋ አስከፍሏል። በ2010 ዓ.ም. ወልዲያ ከመቀሌ ጋር በሚጫወትበት ዕለት ወልዲያ ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ደጋፊ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ይህን ቀን ነው። ፍራቻው መሠረት አለው፤ ድምዳሜው ግን ልዩነት አያውቅም። በአውቶቡስ የመጣው ደጋፊ ማታውኑ ይመለሳል፤ የተናገረው ስድብ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ነዋሪው ግን ሰኞ ጠዋት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ጋር አንድ ቢሮ ይገባል፣ ከኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል። ስለዚህ ሲዘፍን እንኳን ነገን አስቦ ነው። ግጭትን ለመከላከል የሚፈለገው ሰው በዚያው ጥግ ተቀምጦ ሳለ፣ የእንግዳ ደጋፊን በጅምላ መከልከል የመጀመሪያ መፍትሔ ተደርጎ መቅረቡ ስንፍና ነው።

የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ይህንኑ በትልቁ ያሳያል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ውስጥ በምቦምቤላ ስታዲየም ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ተጫወተች። በደንቡ ሜዳው የሁለቱም አይደለም። መቀመጫዎቹን ያጥለቀለቀው ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ከተሞችና ገጠሮች ሱቅ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ምዌኔ መለሰው፣ የኢትዮጵያው ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ምቤሱማ ዛምቢያን መሪ አደረገ። በአሥር ተጫዋች የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ከቀይ ካርዱ በኋላ ከመቀመጫው ወደ ሜዳ ዕቃ የወረወሩ ነበሩ፤ ካፍም ፌዴሬሽኑን ቀጥቷል። ጥፋት ነው። ነገር ግን ያ ቀን የሚያስረዳው ጥፋቱን አይደለም። ያ ሕዝብ ወደ ቡድኑ አልተሰደደም፤ ቡድኑ ወደ ስደቱ መጣለት።

በተቃራኒው ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት ጨዋታ በመዝገብ የኢትዮጵያ የሜዳዋ ጨዋታ ነው። የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ አገር ውስጥ ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ። የወረቀቱ ባለሜዳነትና የሰው ባለሜዳነት እንዲህ ይራራቃሉ።

ነገሩ መራራ የሚሆነው ወደ ሊጉ ሲመለሱ ነው፤ እስካሁን የተባለው ሁሉ ክለቦች በየከተማቸው በሚያስተናግዱበት ሥርዓት ላይ የቆመ ነውና። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን ሁሉ በየተራ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ ማጫወት ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። መነሻው የኮቪድ ወረርሽኝ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ስለጀመሩ አሠራሩ ለካሜራም ተመቸ። አሠራሩ ተመስግኗል፤ የሜዳው ጥራት፣ የሰዓቱ መከበር፣ የጉዞ ወጪው መቀነስ ተቆጥሮለታል። በዚያ ዓመት በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ዋንጫውን ያነሣው ፋሲል ከነማ ነው፤ በታሪኩ የመጀመሪያው። ጎንደር ላይ ግን በዚያ የውድድር ዘመን አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አልተካሄደም። አፄዎቹ የሚባሉት ፋሲሎች ዓመቱን ሙሉ ከሜዳቸው ውጪ ተጫውተው ነገሡ።

ሁሉም ጨዋታ ከሜዳው ውጪ ሲሆን «ከሜዳው ውጪ» የሚባል ነገር ይጠፋል፤ እንግዳም አስተናጋጅም አይኖርም። ክለቡ በአንድ ከተማ ለሳምንታት ይሰነብታል፣ ከዚያ ለወራት አይመጣም። በዚያች ከተማ የሚኖረው የአገሩ ልጅ ከጠገበ በኋላ ይራባል፤ ተራው ያልደረሰው ከተማ ነዋሪ ደግሞ ከነጭራሹ አያይም። ለቴሌቪዥን ምስል ሲባል የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። የሊጉን አሠራር ያወደሱት ሁሉ፣ የባዶውን መቀመጫ ምክንያት ሲጠየቁ ጣታቸውን ወደ ደጋፊው ቀዝቃዛነት መጠቆማቸው ደግሞ ከስህተትም አልፎ ነውር ነው።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ለእንግዳ ክለብ ደጋፊዎች 3,000 ትኬት እንዲመደብ፣ አነስ ባሉ ስታዲየሞች ደግሞ ከአቅማቸው 10 በመቶ እንዲሰጥ ደንብ አለው፤ ከ2016/17 ጀምሮም ዋጋው ከ30 ፓውንድ እንዳያልፍ ተወስኗል። መልካም ነው። ይሁንና እዚያ ብዙ ክለቦች ይህን ትኬት የሚያድሉት ቀደም ሲል በተሰበሰበ የጉዞ ነጥብ ነው፤ ቡድኑ ወደሚኖርበት ከተማ ሲመጣለት ብቻ የሚወጣው ስደተኛ ከወረፋው ጭራ ይቀራል። የተጓዘውን አክብሮ የሚኖረውን የረሳ ደንብ ነው፤ እንደወረደ መቅዳት አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ክለቦች በየከተማቸው የሚያስተናግዱበትን ሥርዓት በሙሉ ሲመልስ፣ ለእንግዳ ደጋፊዎች ቋሚ የመቀመጫ ድርሻ በደንቡ ውስጥ ያስገባ፤ ከዚያም ድርሻ ግማሹ ጨዋታው በሚካሄድበት ከተማ፣ ለከተማው ነዋሪዎች ይሸጥ።