የሕክምና ትምህርት ማስረጃ በምን ይመዘን?

በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቢም» የተባለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ስለ ሕክምና ትምህርት የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ ይመዝናል። ሚዛኑን የወሰደው ከአሜሪካዊው ከኪርክፓትሪክ ሲሆን፣ እርከኖቹም የተማሪው መደሰት፣ ዕውቀቱ፣ በሥራ ላይ የሚያሳየው ለውጥ፣ በመጨረሻም የበሽተኛው መጠቀም ናቸው። ሚዛኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሚመዘኑት ጥናቶች ብዙዎቹ ከታችኞቹ እርከኖች አያልፉም።

በአገራችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት በተማሪው ደስታ ብቻ ሊመዘን አይገባውም። የመንዝ ገበሬ ገብሱን የሚሰፍረው በአውድማ እንጂ በቡቃያው አይደለም። ስለዚህ መርማሪው ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ራቤልና ወደ ዓለም ከተማ ሄዶ በሽተኛው ዳነ ወይ ብሎ ይጠይቅ።