ያልተነገረና የተረሳ አንድ አይደሉም፦ ስለ «ትዝታ ፈውስ» አገልግሎት ሂሳዊ ምልከታ

በደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አጥቢያ የሠላሳ ዓመት እኅት ለጸሎት ወደ እናንተ መጣች እንበል። እንቅልፍ የላትም፤ ልቧ በድንገት ይመታል፤ ባሏ ሲነካት ትሸሻለች። ሦስት ቀን ጾማችሁ ጸለያችሁላት። በአራተኛው ቀን አብሯችሁ የሚያገለግል ወንድም «አንዲት ትንሽ ልጅ በጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ጌታ አሳየኝ፤ እስቲ አንቺም ወደዚያ ጓዳ ተመልሰሽ እዪ» አላት። ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ምንም አላየችም። በሁለተኛው ሳምንት ጓዳውን አየች፤ በሦስተኛው ሰው አየች፤ በአራተኛው የሰውየው ፊት የአጎቷ ፊት ሆነ። እያለቀሰች ነገረቻችሁ። አሁን ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙዎቻችን ሁለት መልስ ብቻ ያለ ይመስለናል፤ ወይ «መንፈስ ቅዱስ ገለጠው» ብሎ አጎቷን መወንጀል፣ ወይ «የኋላውን እርሺው» ብሎ እርሷን መሸኘት። ሁለቱም ስሕተት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

«የትዝታ ፈውስ» የሚባለው ትምህርት በአገራችን አልተወለደም። አሜሪካዊቷ አግነስ ሳንፎርድ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አስፋፋችው። አሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያለፈ ቁስል በክርስቶስ ፊት ሊቀርብ ይገባዋል። ችግሩ የመጣው ትምህርቱ ከሌላ አሳብ ጋር ሲጋባ ነው። ያም አሳብ ከባድ በደል በአእምሮ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፣ በልዩ ዘዴም ሳይበላሽ ይወጣል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ካናዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከታካሚው ጋር «ሚሼል ታስታውሳለች» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በሕክምና ክፍል ውስጥ «ተመለሰ» የተባለ የሰይጣን አምልኮ ታሪክ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት በአሜሪካ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች በእንዲህ ያለ ክስ ተከፋፈሉ፤ ከነዚህም ጥቂት የማይባሉት እንደ እኛ ወንጌላውያን ነበሩ።

ለመጋቢ ሁሉ የሚያስፈልገው የፖል ኢንግራም ታሪክ ነው። ኢንግራም በዋሽንግተን ግዛት በኦሊምፒያ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ባልደረባና የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ልጆቹ ከአንድ መንፈሳዊ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ደፍሮናል ብለው ከሰሱት። እርሱ ምንም አላስታወሰም፤ ነገር ግን ልጆቼ አይዋሹም ብሎ አሰበ። ከጸለየ እግዚአብሔር እውነተኛውን ትዝታ ብቻ እንደሚሰጠው ከመጋቢው ሰማ። በእስር ቤት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጸልዮ፣ በአሳቡ እየሣለ ማየት ጀመረ፤ ተናዘዘም። ሪቻርድ ኦፍሺ የተባለ የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ምሁር ሊፈትነው ፈልጎ፣ ልጆቹ ፈጽሞ ያላሉትን አንድ በደል ራሱ ፈጥሮ «ይህንም አድርገሃል» አለው። ኢንግራም መጀመሪያ አላስታወሰም። ጸልዮ ሲመለስ ግን ሦስት ገጽ ዝርዝር ኑዛዜ ጽፎ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ በኋላ ቃሉን ሊያነሣ ቢሞክርም አልተፈቀደለትም፤ የተፈታው በ2003 ነው። በልጆቹ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ፍርዱም አልተሻረም። ነገር ግን ያ የሦስት ገጽ ጽሑፍ አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ቅን ሰው፣ እየጸለየ፣ ያልሆነውን ሊያስታውስ ይችላል።

ምሁራኑ ምን አገኙ? ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ለ24 ሰዎች «በልጅነታችሁ በገበያ አዳራሽ ጠፍታችሁ ነበር» ብለው ያልሆነ ታሪክ አቀረቡላቸው። 6ቱ በሙሉም ሆነ በከፊል አስታወስነው አሉ። ተቃዋሚዎች «በገበያ መጥፋትና መደፈር አንድ አይደሉም» አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሊንዳ ዊልያምስ ደግሞ በ1994 በልጅነታቸው መበደላቸው በሆስፒታል መዝገብ የተመሰከረላቸውን 129 ሴቶች ከ17 ዓመት በኋላ አነጋገረች። 38 ከመቶዎቹ ያንን በደል አልጠቀሱም። አንዳንዶቹ በእርግጥ ረስተውት፣ ሌሎቹ ለእንግዳ መንገር ከብዷቸው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሁለቱን አብረን እንያዝ፤ እውነተኛ በደል ሊረሳና ቆይቶ ሊታወስ ይችላል፤ ያልሆነ በደልም ሊታወስ ይችላል። ዕንባው፣ የታሪኩ ዝርዝር፣ የተናጋሪው እርግጠኝነት ሁለቱን አይለዩም። የሚለየው ከትዝታው ውጭ ያለ ማስረጃ ነው።

ጎጃም ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ነገር በሌላ ስሙ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል፤ ያጨሱታል፤ «ማነህ? ከየት መጣህ? ማን ነው የበላው?» እያሉ ይጠይቁታል። በሽተኛው ይለፈልፋል፤ ስም ይጠራል። የሚጠራውም ስም አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩ አስቀድሞ የጠረጠረው ሰው ነው፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው። ጠያቂው በጥያቄው ውስጥ መልሱን አስቀምጦ ነበር። እኛ ወንጌላውያን ይህን ትተናል እንላለን። ነገር ግን በነፃ ማውጣት ጸሎታችን «መቼ ገባህ? በማን በኩል ገባህ?» እያልን መንፈሱን ስንመረምር፣ እርሱም «በአያቷ በኩል» ሲል፣ እኛም ስናምነው ከጢሱ በቀር ምን ተለወጠ? ጌታ በዮሐንስ 8፥44 የሐሰት አባት ያለውን የቤተሰብ ጉዳይ ምስክር አድርገን ጠራነው። በማርቆስ 1፥34 ግን ጌታ አጋንንቱ እንዲናገሩ አልፈቀደም። በዚህ አካባቢ ደግሞ ጥቂቶች ነን፤ የምናገለግላቸው ሰዎች ዘመዶች በአብዛኛው የኦርቶዶክስ አማኞች ናቸው። በሐሰት የተወነጀለች አንዲት አያት ወንጌሉን ለትውልድ ትዘጋለች።

ይህን ያነበበ ሰው «ስለዚህ ሴቶቹን አትመኑ» እያልሁ ነው ብሎ እንዳይደመድም እለምናለሁ። የኛ አካባቢ ትልቁ ቁስል የተረሳ ሳይሆን ያልተነገረ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ይሁንና በጉባኤዎቻችን መካከል በዐሥር፣ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው የተዳሩ፣ የተጠለፉ እናቶች ተቀምጠዋል። እነርሱ ምንም አልረሱም። ሌሊቱን ያውቁታል፤ ሰውየውን ያውቁታል፤ ማን በር እንደዘጋ ያውቁታል። ያጡት ትዝታ ሳይሆን ሰሚ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 13 ትዕማር ምንም አልረሳችም፤ ልብሷን ቀዳ ጮኸች። ወንድሟ ዝም በዪ አላት፤ አባቷ ዳዊት ተቆጣ፣ ነገር ግን ምንም አላደረገም። እኛ በጓዳ የተቀበረውን ስንቆፍር፣ በፊታችን የምትጮኸውን ትዕማርን አልፈናት እንዳንሄድ እፈራለሁ።

የእግዚአብሔር ቃል ለሁለቱም ወገን ይቆማል። ዘዳግም 19፥15 በአንድ ምስክር ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ያዝዛል። ይህን ጥቅስ በዳዮች፣ አንዳንድ ጊዜም አገልጋዮች፣ ለመደበቂያ ይጠቀሙበታል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ በደል ምስክር ባለበት አይፈጸምም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በ22፥25–27 ሜዳ ላይ የተያዘችውን ልጅ ምንም ምስክር ሳይኖር ጮኻ የሚያድናት እንዳጣች ይቆጥርላታል፤ ያለ በደል ያያታል። በ13፥14 ደግሞ መርምር፣ ፈልግ፣ አጥብቀህ ጠይቅ ይላል። እንግዲህ ሕጉ አትስማ አይልም፣ ሳትመረምርም ፍረድ አይልም።

«መንፈስ ቅዱስ የተሰወረውን አይገልጥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይገልጣል። ነገር ግን ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ትንቢትን እንዳንንቅ ባዘዘበት ቦታ ሁሉን እንድንፈትን አዝዟል። መፈተን አለማመን ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ባላዘዘው ነበር። በራእይ የመጣ ነገር ለጸሎት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በሰው ላይ ለማቆም ግን ምስክር አይሆንም።

ወደ እኅታችን እንመለስ። አስቀድማችሁ ሳታቋርጡ ስሟት። የምትለውን በራሷ ቃል፣ ከነቀኑ ጻፉ፤ ከጸሎቱ በፊት ታውቀው የነበረውን ከጸሎቱ በኋላ ከመጣው ለዩ። «አጎትሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ከዚያስ?» በቂ ነው። ዓይኗን ጨፍና እንድትሥል አታድርጉ። ብቻዋን ከወንድ አገልጋይ ጋር አትተዉአት። ማንንም ስም በመድረክ አትጥሩ። የእንቅልፍ ማጣቷና ድንጋጤዋ መንስኤው ሳይታወቅም ሊታከም ይችላልና ወደ ሆስፒታል አብራችኋት ሂዱ፤ ሐኪም ጋር መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። በዚያ ቤት ዛሬ ትንሽ ልጅ ካለችና አደጋ ካሰጋችሁ ግን የትዝታውን ክርክር አትጠብቁ፤ ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ አመልክቱ። መርማሪው እናንተ አይደላችሁም።

ምናልባትም ያ ጓዳ እውነት መሆኑን ፈጽሞ አታውቁ ይሆናል፤ እርሷም አታውቅ ይሆናል። ይህን ለመሸከም መጋቢ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ፈውሷ የሚጀምረው ታሪኩ ሲረጋገጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ታሪካቸው የማይረጋገጥ ስንት ሰዎች ያለ ተስፋ በቀሩ ነበር። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ፈራጅ አለ፤ እርሱ እስኪገልጠው ድረስ የእኛ ድርሻ አጠገቧ መቀመጥና ከምናውቀው በላይ አለመናገር ነው።