«ፍቅር እስከ መቃብር» በክፍል ውስጥ፦ ከቃላት ዝርዝር ወደ ንባብ

የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ፍቅሩም ስለ ባላባታዊው ሥርዓትም ብዙ ተብሏል። እንዴት እንደሚያስተምሩት ግን እምብዛም አይነሳም። የተለመደው መንገድ ይታወቃል፤ መምህሩ ከምዕራፉ ከበድ ያሉ ቃላትን ለቅሞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ፍቺያቸውን ገልብጦ ለፈተና ይሸመድዳል። ፍቺዎቹ ትክክል ናቸው፤ ተማሪው ግን ልብ ወለዱን ሳያነብ ያልፋል።

«ግብር»ን እንውሰድ። መዝገበ ቃላት ከገበሬው የሚሰበሰበውንም በጌታው ግቢ የሚበላውንም ድግስ በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለቱን ፍቺዎች ጎን ለጎን የሸመደደ ተማሪ ግንኙነታቸው አይታየውም። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት አንሰጥም ብለው ሲያምጹ፣ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻም ሊያስገብሯቸው ዘምተው ሲማረኩ የሚያሳየውን ክፍል ያነበበ ግን የድግሱ እህል ከማን ጎተራ እንደወጣ ሳይነገረው ይገባዋል። በሌላው ገጸ ባሕርይ በጉዱ ካሳም ላይ እንዲሁ ነው። ሰውዬው ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ»ን የለጠፈበት ማኅበረሰቡ ነው። ማን በየትኛው ስም እንደሚጠራው ከገጽ ገጽ መከታተል ብቻውን ደህና የክፍል ሥራ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ችላ የተባለው ደራሲው ራሱ ትቶልን ያለፈው መሣሪያ ነው። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገት የነበረው ሀዲስ፣ በዚህ መጽሐፍ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደሎች ራስ ላይ ነጥብ አኑሯል። ልማዱ በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ አልተስፋፋም፤ ለክፍል ግን ትልቅ ሀብት ነው። «ይበላል» የሚለውን ያለ ነጥብ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎችን ማስነበብ ይቻላል፦ ላልቶ ሲነበብ የሚበላው ሰው ይታያል፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላው ነገር። ተማሪው ጮክ ብሎ ከማንበቡ በፊት አድራጊው ማን፣ ተደራጊው ማን እንደሆነ መወሰን አለበት። የቅርብ ንባብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጆሮም ሊዘነጋ አይገባም። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ሳይቀር ተከታትሎታል። የት እንደቆመ፣ የቱን ቃል እንደጫነ አንድ ገጽ አዳምጦ ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት፣ ንባብ ሁሉ ፍቺ መሆኑን ያሳያል።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ዘዴ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የአንድምታ መምህራን አንዱን የግእዝ ሐረግ ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ሲደርቡ ኖረዋል። የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ ራሱ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ፣ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ እንዲህ ባለው ንባብ ቢፈተሽ ባዕድ አይሆንበትም። ተማሪው ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ አቅርቦ የትኛውን እንደሚመርጥ ከገጹ ማስረጃ ይጥቀስ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት መዝለቅ አይቻልም። ስለዚህ መምህሩ አራት ወይም አምስት ትዕይንት መርጦ በእነሱ ላይ መቆየት፣ የቀረውን ተማሪው በቤቱ እንዲያነብ መተው ይኖርበታል። ፈተናውም አብሮ ይለወጥ፤ «ጭሰኛ ማለት ምን ማለት ነው?» በሚለው ጥያቄ ፋንታ አንድ አንቀጽ ቀርቦ በውስጡ ማን ማንን እንደሚያዝ፣ ይህም ከየትኛው ቃል እንደሚታወቅ ይጠየቅ።