ከዓባይ ማዶ የመጣ ድምፅ፦ ስለ ወጋየሁ ንጋቱ የትወና ጥበብ

ስለ ተዋንያን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው መሪ ገጸ ባሕርዩን የተጫወተው ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ድርሰት ዓለም ሙሉ የሚያደርጉት በጥቂት ቃል ገብተው የሚወጡት ባላባቱ፣ ቄሱ፣ አሽከሩና ገረዷ ናቸው። አሜሪካዊው ዋልተር ብሬናን እ.ኤ.አ. በ1936፣ በ1938 እና በ1940 በሠራቸው ፊልሞች ሦስት ጊዜ በረዳት ተዋናይነት የኦስካር ሽልማት ማግኘቱ ይህ የሥራ ዘርፍ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ያስረዳል።

በአገራችን የዚህ ጥበብ ታላቅ ምሳሌ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በመድረክ ያተረፈው ዝና እንዳለ ሆኖ፣ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ያስተዋወቀው በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ሰብለ ወንጌልንም፣ በዛብህንም፣ ጉዱ ካሣንም ተጫወተው።

ይህ ለወለጋ ከተሞች የተለየ ትርጉም ነበረው። አገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት በአዲስ አበባ ነው። ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለደምቢዶሎ ነዋሪ ቋሚ የቴአትር መድረክ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ነገር ነበር። ሬዲዮ ግን ርቀቱን አጠፋው። ከነቀምቴ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ የደረሰ መንገደኛ፣ የበዛብህ የትውልድ ቀዬ ከሆነችው ከማንኩሳ ብዙ አይርቅም፤ የዚያ ቀዬ ሰዎች ግን በአካል ሳይታዩ በድምፅ ብቻ ወንዙን ተሻግረው መጡ።

የወጋየሁ ችሎታ ድምፅን በማቅጠንና በማወፈር ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ኖሮ ቶሎ በሰለቸ ነበር። ሰውን ከሰው የሚለየው በአነጋገር ፍጥነት፣ በትንፋሽና በዝምታ ነው። የመሸሻ ትዕቢት አድማጭን ለማስፈራት ሳይሆን ራሱን ለማሳመን የሚጮህ ይመስላል፤ ስለዚህም በአበጀ በለው እጅ ሲወድቅ ከማሳቁ ጋር ያሳዝናል። ጉዱ ካሣ ደግሞ ምሬቱን ከምፀቱ ሥር ይደብቃል። ተራኪው ለማንም ሳያዳላ ለእያንዳንዱ የራሱን ነፍስ ይሰጠዋል።

ሆኖም ሥራው ከነቀፋ የጸዳ አይደለም። የድምፁ ውበት አንዳንድ ጊዜ የሐሳቡን ስለት ያለዝበዋል። ጉዱ ካሣ በባላባቱ ሥርዓት ላይ የሚሰነዝረው ትችት በአድማጭ ጆሮ ጣፋጭ ጨዋታ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁን እንጂ የራሱን ድምፅ አይደለም። በዚህ ምክንያት አስተማሪ ትረካውን ለተማሪዎች ሲያሰማ መጽሐፉን አብሮ ማስነበብ ይገባዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበው የአስመሳዮች ጉዳይ ነው። የትረካ ጥበብ ማለት የወጋየሁን ቃና መቅዳት የሚመስላቸው ጀማሪዎች ጥቂት አይደሉም። በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር የነቀምቴ ወጣት የሌላውን ሰው የጎጃም አነጋገር ደግሞ ቢያስመስል የቅጂ ቅጂ ከመሆን አያልፍም። ዘዴውን ቢወስድ ግን ሀብቱ በደጁ ነው። አስቴር ጋኖ የሰበሰበችው የኦሮሞ ሥነ ቃል የተካተተበት የማንበቢያ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ኦነሲሞስ ነሲብም ዕድሜውን በነቀምቴ የፈጸመው ቋንቋውን የጽሑፍና የትምህርት መሣሪያ ለማድረግ ሲደክም ነው። በእነዚህ ተረቶች ውስጥ ብልኅ፣ ሞኝ፣ ጉረኛና ግፈኛ ሞልተዋል፤ የሚጎድላቸው ለእያንዳንዳቸው ትንፋሽ የሚሰጥ ተዋናይ ነው።

ስለዚህ ለወጋየሁ የሚገባው ክብር ቃናውን መድገም ሳይሆን የሠራውን ሥራ በራስ ቋንቋ እንደገና መሥራት ነው። መምህራንና የኪነት ባለሙያዎች ትንሹን ገጸ ባሕርይ እንደ ትልቁ እንዲያከብሩት ወጣቶችን ካስተማሩ፣ ከዓባይ ማዶ የመጣው ድምፅ በወዲህኛው ዳርቻ ተገቢውን መልስ ያገኛል።