የባሌስትራ ባለእጅ

ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ እህልና ሲሚንቶ የሚያመላልስ አይሱዙ መንገዱን የሚሸከመው በባሌስትራው ነው። የደከመ ባሌስትራ ፈትቶ መልሶ የሚያቆም ባለእጅ ካገኛችሁ ቸኩላችሁ አትለፉ፤ ቁሙና እዩ።

ባሌስትራ ላይ ላዩን ሲታይ የተደራረበ ብረት ነው። ብልሃቱ ያለው ጉብጠቱ ላይ ነው። አጫጭሮቹ ብረቶች ከረጅሙ ይልቅ ጎበጥ ይላሉ፤ ሲደራረቡ ጫፋቸው ይነካካል፣ መሀላቸው ግን ብርሃን ያሳልፋል። የመሀሉ ቡሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ይዘጋና ጭነት ሳይመጣ በፊት ተወጥረው ይጠብቃሉ። ይህን ክፍተት አሳንሶ ወይም አብዝቶ የገጠመ ሰው መኪናውን ሳይሆን ስብራቱን ነው ያዘጋጀው።

ጎበዝ ባለእጅ የተዘረጋውን ብረት የሚያጎብጠው በእሳት ሳያግለው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት ይመታዋል። የአንዲት ምት ለውጥ በዓይን አይታይም። ጥቂት ይመታል፣ አብሮት ከሚደረበው ብረት ጋር ያስተያየዋል፣ ደግሞ ይመታል። በእሳት ቢሆን ቶሎ ይጎብጥለት ነበር፤ ነገር ግን እሳቱ ፋብሪካ የሰጠውን ጽናት ይነጥቀዋል፣ ብረቱም በመጀመሪያው ጭነት ይተኛል። ችኩል ሠራተኛ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው።

ለመኪና የማይሆነው ስባሪ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ማረሻ፣ መጥረቢያ ወይም ቢላዋ ይሆናል። እዚያ ደግሞ ነገሩ ሁሉ እሳት ነው፤ የጋለ ብረት ቀለሙ የሚለየው ጨለም ባለ ቤት ነው። ውሃ ጠጥቶ የጠነከረ ስለት ተሰባሪ ስለሆነ ቀስ ተብሎ እንደገና ይሞቃል። ያን ጊዜ በተወለወለው ፊቱ ላይ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ለቢላዋ ቢጫው ላይ፣ ለመጥረቢያ ሐምራዊው ላይ ማቆም ነው ሙያው።

አገሩ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፣ ሠረገላ አሠርተዋል፤ ኢትዮጵያውያንም አብረው ሠርተዋል። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ተጎትቶ፣ በጋይንት ጨጨሆ አልፎ መቅደላ ደረሰ። ሰው ሁሉ ስለ መድፉ ያወራል፤ እኔን የሚገርመኝ ያለ ባሌስትራ የዚያን መንገድ ገደል የወረደው መንኮራኩር ነው።

የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ተስፋፋ፣ ለወጣቱ ሥራ ተፈጠረ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር የቅጥር ፈተናውን እኔ ባወጣሁት እላለሁ። ወረቀት አያስፈልገውም፦ ብረቱን አንጠልጥሎ በመዶሻ አንኳኩቶ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው በድምፁ መለየት።