«እናምናለን» ሲባል እኔ አለሁበት?

አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ጸሎተ ሃይማኖትን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ትወጣዋለች። ጠዋት ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች። አንዳንዱን የግእዝ ቃል አጠራሩን ቀይራ የራሷ አድርጋው ነበር። ልጅ ሳለሁ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ይዤ ላርማት ስል «ተው ልጄ፣ እሱ ይገባዋል» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ቤቷ ተኝታ፣ ሕመሙ ሲጸናባት፣ ጸሎቱን ጀምራ መሃል ላይ ይጠፋት ጀመር። አንድ ሌሊት የማስታመም ተራው የእኔ ሆኖ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። የጲላጦስን ስም ከጠራች በኋላ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገና እዚያው ላይ ጠፋት። እጄን ያዝ አድርጋ «በል አንተ ጨርስልኝ» አለችኝ።

ጨረስኩላት። ነገር ግን እኔ ያን ጊዜ ጸሎት ከተውኩ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ለማንም አልነገርኩም፤ እሷም አታውቅም። ጸሎቱ «ነአምን»፣ ማለትም «እናምናለን» እያለ ይሄዳል። እኔ ከዚያ «እኛ» ውስጥ አለሁ ወይ? በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሴትዮ ዋሸሁ ወይስ አልዋሸሁም?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ፣ ሥራዬም ሶፍትዌር ነው። የለመድኩት ነገር ቢኖር አንድን ጽሑፍ መስመር በመስመር እያነበቡ «ይህ ለምን ተጨመረ? ቢወጣስ ምን ይበላሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እንደዚህ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። ከቀብሯ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ሲጀመር ጽሑፉ በአንድ ጊዜ የተጻፈ አይደለም። የመጀመሪያው በ325 ዓ.ም. በኒቅያ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በጠራው ጉባኤ ላይ ወጣ። ምክንያቱ የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ማለቱ ነበር። ትውፊቱ የአባቶቹን ቁጥር 318 ያደርገዋል፤ ቅዳሴ ሳይቀር በስማቸው ያለን ሠለስቱ ምዕት እነሱ ናቸው። የዚያን ጊዜው ጽሑፍ መንፈስ ቅዱስ ላይ ሲደርስ በስም ብቻ ጠርቶት ያበቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ውግዘት ነው የሚገባው። ዛሬ የምንደግመው በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ከተሰበሰቡት ከ150ዎቹ ጳጳሳት ጋር የሚያያዘውን ነው። በዚህኛው ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጥምቀትና ስለ ሙታን ትንሣኤ ተጨምሯል። ውግዘቱ ወጥቷል።

የቆየ ኮድ ውስጥ እንግዳ የሆነ መስመር ሲያጋጥመን፣ ልምድ ያለው ሰው «አትንካው፤ እዚህ ጋ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ተበላሽቶ ነው» ይላል። የጸሎተ ሃይማኖትም ነገር እንደዚያ ነው። ስለ ወልድ የሚናገረው ክፍል ያንኑ ሐሳብ እየደጋገመ፣ መወለድን ከመፈጠር እየለየ የሚሄደው ደራሲዎቹ ቃላት አጥሯቸው አይደለም። እያንዳንዱ ሐረግ አንድን በር ይዘጋል።

በጽሑፉ ላይ የሚነሳው ትልቁ ወቀሳ ደግሞ ከዚሁ ይመነጫል። ግቢ ጉባኤ አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ አንድ ቀን «ይኼ ጸሎት ክርስቶስን ካስወለደ በኋላ በቀጥታ ሊሰቅለው ነው የሚሮጠው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። የተራራው ስብከት የለም። የተፈወሱት ለምጻሞች የሉም፤ ደጉ ሳምራዊም የለም። «ፍቅር» የሚለው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። አንድ ሰው እያንዳንዱን መስመር ተቀብሎ ጎረቤቱን ሲያስለቅስ ቢውል፣ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚከሰው ቃል አያገኝም። ያን ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቼ ነበር።

አሁን በከፊል ነው የምስማማው። ጸሎተ ሃይማኖት የጻፈው ያከራከረውን ነው። ጠላትህን ውደድ መባሉ ኒቅያ ላይ ማንንም አላከራከረም፤ መፈጸሙ ነው እንጂ የቸገረው። ደግሞም ጽሑፉ ብቻውን እንዲቆም ታስቦ የተሠራ አይመስለኝም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ውስጥ ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀትና ትንሣኤ ሙታን አሉበት። ቁርባን ግን የለም። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ለሚደግመው ሰው ቁርባኑ እዚያው ፊቱ ነው፤ በቃል የሚቀረውን በሥራ ያየዋል። አያቴም «አሜን» ካለች በኋላ ነበር ለጎረቤቷ ዳቦ የምትልከው። ዳቦው ጸሎቱ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቀኗ ውስጥ ግን ነበር።

ይህ መልስ ግን ወቀሳውን ሙሉ በሙሉ አያነሳውም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። «ይኼንንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ተብሎ ሳይጻፍ የቀረ ነገር፣ የሚያውቀው ሰው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የተጻፈው ይቀራል፤ ሰውም በተጻፈው ብቻ መመዘን ይጀምራል። ሃይማኖትን የምንጠብቅበት ጽሑፍ ፍቅርን ሳይጽፍ ሲያልፍ፣ ፍቅርን የሚያስታውሱት እንደ አያቴ ያሉ ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲያልፉስ? በተዋሕዶና በጴንጤ መካከል፣ አንዳንዴም በአንድ ደብር ሰዎች መካከል የምንሰማውን የክርክር ቋንቋ ያዳመጠ ሰው፣ ይህ ስጋት ባዶ እንዳልሆነ ያውቃል።

ወደ ጲላጦስ ልመለስ። የ325ቱ ጽሑፍ ስሙን አያነሳም፤ ስሙ የሚገኘው በኋለኛው ነው። እንግዲህ ከክርስቶስ ሌላ በስም የተጠሩት ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የወለደችው ድንግል ማርያምና አሳልፎ የሰጠው ገዢ። ጴጥሮስ የለም፤ ጳውሎስም የለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስን ከቅዱሳን ትቆጥረዋለች፤ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው። ግእዙ ስሙ ፊት ያስቀመጠው ቃል «በመዋዕለ» ነው፤ በዘመኑ ማለት ነው። ጲላጦስ እዚህ የቆመው እንደ ቀን ቁጥር ነው። ይህ ነገር የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰው አስተዳደር፣ በእውን ተደርጓል እያለ ነው።

ይህን አከብረዋለሁ፤ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው። እምነት ማለት የልብ ሰላም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአያቴ ጋር የሚያለያየኝ ነገር አይኖርም ነበር። የልብ ሰላም አልጠላም፤ ማንስ ይጠላል? ይህ ጽሑፍ ግን በስሜት አያስገባም። ሆኗል ወይስ አልሆነም ብሎ ይይዝሃል። ቀን የጠቀሰ ሰው ሐሰት የመሆንን አደጋ ወስዷል ማለት ነው። ዛሬ «የግል እምነቴ ነው» ብለን ማንም እንዳይነካን የምንሸሸግበት ዓይነት ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላው ቃል ይመጣል። ኒቅያን ያናወጠው የግሪክ ቃል ወልድና አብ ባሕርያቸው አንድ ነው የሚል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያልተወሰደ ቃል ነበር። ግእዙ በዚያ ቦታ ያስቀመጠው «ዕሩይ» የሚለውን ነው፤ ትክክል፣ እኩል ማለት ነው። አንድ ጥብቅ አንባቢ ሁለቱ አንድ አይደሉም ይላል፤ ሁለት ወንድማማቾችም እኮ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ግእዙ ይህን ያወቀ ይመስል እኩልነቱ በመለኮት እንደሆነ ጨምሮ ይናገራል። የፈላስፋ ቃል ወስዶ፣ ማንበብ የማትችል ሴት የምትይዘው ቃል አድርጎ መለሰው። ለእኔ ይህ ኪሳራ አይደለም።

ቃሉ በነጻም አልመጣልንም። አባ ሰላማ ብለን የምንጠራውን ፍሬምናጦስን የሾመው፣ ኒቅያ ላይ ዲያቆን ሆኖ የነበረው አትናቴዎስ ነው። የአርዮስ ወገን የነበረው ንጉሥ ቆንስታንቲዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ጠይቆ ነበር። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። «እናምናለን» ማለት የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ሊያጠቁር የሚችልበት ዘመን ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጉባኤዎቹ የጻፉት በብዙ ቁጥር ነው፤ እናምናለን። በላቲኑ ቅዳሴ ግን በነጠላ ይባላል፤ አምናለሁ። በእንግሊዝኛ የሚቀድሱት ካቶሊኮች ለዓመታት «እናምናለን» ሲሉ ቆይተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ወደ «አምናለሁ» ተመለሱ። ግሪኮችም ቅዳሴያቸው ላይ በነጠላ ነው የሚሉት። የእኛ ግእዝ «ነአምን» እንዳለ ቀረ።

ብዙ ቁጥሩን የምጠረጥርበት ምክንያት ነበረኝ። እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ በሚጻፈው ሪፖርት ላይ «እንዲህ ወስነን ነበር» ከተባለ፣ ማንም አልወሰነም ማለት ነው። «እኛ» መደበቂያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ቃል ውስጥ ተደብቄ ኖሬያለሁ፤ ለራሴ ሳልመልስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መለሰልኝ። ስለዚህ ጸሎት የተውኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ሐቀኛ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። በአርባ ቀኔ ክርስትና ስነሳ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ክርስትና አባቴ ነው ስለ እኔ የመሰከረው። ያን ጊዜ ለእኔ የሚያምንልኝ ሰው ተፈልጎ ነበር። ደብረ ብርሃን ያን ሌሊት አያቴ የጠየቀችኝም ይህንኑ ነው። ቃሉ የጠፋባት ከጲላጦስ ቀጥሎ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሞትና መቀበር ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚያሻግራት ፈለገች እንጂ የእኔን እምነት ልትመረምር አልነበረም። «አምናለሁ» የሚል ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ልጨርስላት አልችልም ነበር። «እናምናለን» ስለሆነ ቻልኩ። ያልኩት የራሴን አልነበረም፤ የእሷን ነበር የያዝኩላት።

ይህን ስል ብዙ ቁጥሩን ነጻ እያወጣሁት አይደለም። ያው ቃል ሰውን ያስደብቃል፤ ያው ቃል ደክሞት የወደቀን ሰው ይሸከማል። የትኛውን እያደረገ እንደሆነ ከጽሑፉ አታውቅም፤ ከሚለው ሰው ነው የምታውቀው። እኔ ሃያ ዓመት ተደብቄበታለሁ። አንድ ሌሊት ብቻ በትክክለኛው መንገድ የተጠቀምኩበት ይመስለኛል።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ግሡ ይቀየራል። ይህን ስንት ሺህ ጊዜ ብዬው አላስተዋልኩትም ነበር። እስከ ጥምቀት ድረስ «ነአምን» ሲል የመጣው ጸሎት የሙታን ትንሣኤ ላይ ሲደርስ «ንሴፎ» ይላል፤ ተስፋ እናደርጋለን። ኒቅያ ያን ያህል የተጣላባቸውን ነገሮች በእርግጠኝነት የተናገረ ወገን፣ ሞት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሊቃውንቱ ተስፋ ማለት ጥርጣሬ አይደለም፣ ገና ያልመጣውን መጠበቅ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። ቢሆንም ቃሉ ሌላ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ገና በእጁ አልያዘም።

ከመስመሮቹ ውስጥ ዛሬ በነጠላ ልላቸው የማልችላቸው አሉ። አልዋሽም። ያቺን አንዲት ግሥ ግን በራሴ ስም ማለት እችላለሁ፤ አያቴን የቀበርኩ ቀንም ብያታለሁ። ለእናቴ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። በሚቀጥለው ወር ለሙት ዓመቱ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ፤ ጸሎቱ ሲጀመር ከሰው ጋር እቆማለሁ። ማታ ሰው ሲበተን እነግራታለሁ።